ሦስት ጊዜ የተሳሳትኩበት የይለፍ ቃል

ዛሬ ጠዋት በትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ከሰልፍ በፊት አየሁት፤ ከሰልፍ በኋላ ደግሜ አነበብኩት፤ በእረፍት ሰዓት ሄጄ እንደገና ፊቱ ቆምኩ። ከሰኞ ጀምሮ በትምህርት ቤቱ ሲስተም ላይ ማንኛውም ተማሪ ስሙን በገዛ ፊደላችን፣ ምንም ሳያሳጥር መጻፍ ይችላል ይላል። የይለፍ ቃል በአማርኛም ይሆናል፤ የፈለገውን ያህል ይረዝማል፤ በየወሩ መቀየርም ቀርቷል። ከሥር ደግሞ በደቃቅ ጽሑፍ «ለውጡ የተደረገው ተማሪ ማስተዋል አንዳርጌ ባቀረበችው ጽሑፍ መነሻነት ነው» የሚል መስመር አለ።

ማስተዋል አንዳርጌ እኔ ነኝ።

ያቺን ደቃቅ መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግራችሁም። ምሳ ሰዓት ቤት ድረስ ሮጬ ለእማዬ ስነግራት «ምኑን ነው የለወጡት?» አለችኝ። ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። በጥሞና ስታዳምጠኝ ቆየችና «ደግ አደረግሽ፤ በይ አሁን ብዪ፣ ወጡ ቀዘቀዘ» አለች። እኔ ግን ከደስታዬ የተነሳ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። ጽሑፌ አንድ ነገር ቀየረ። እኔ፣ አምና «ጥሩ ሙከራ» ከሚል ቃል ሌላ ምንም የማይጻፍልኝ ልጅ።

ብቻ ወረቀቱ ለምን እንደጻፍኩት አይናገርም። እሱን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን። ከዛሬ ጀምሮ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እየሩስን አስፈቅጃለሁ።

አምና አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ ቀናተኛም ነበርኩ። ቅናቴ የሚጮህ ዓይነት አልነበረም። እየሩስን አቅፌያት፣ አብሬያት እየሳቅኩ የምቀናባት ዓይነት ነበርኩ። እየሩስ ጎረቤቴ ናት፤ በእነሱና በእኛ መካከል ሁለት አጥር ብቻ ነው ያለው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ተቀምጠናል። ደብተሯ ንጹሕ ነው፤ ሳቋ ያምራል፤ መምህር ጥያቄ ጠይቆ ሁሉም ዝም ሲል ዓይኑ የሚሄደው ወደ እሷ ነው። እማዬ በተቆጣችኝ ቁጥር የምትጨርሰው «እየሩስን አታያትም?» ብላ ነው። አያታለሁ። እንዲያውም ከእሷ ሌላ የማየው አልነበረኝም።

ሲስተሙ ሲመጣ ቅናቴ እዚያም ተከተለኝ። የቤት ሥራና ፈተና በኮምፒውተር ይሁን ተብሎ ሁላችንም መለያ ስም ስናወጣ፣ ስማችሁን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትንንሹ፣ ከስምንት ፊደል ሳታስበልጡ ጻፉ ተባልን። የእኔ ስም ልክ ስምንት ነው፤ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሌላ ማስተዋል ስላለች ቀድማ ወስዳዋለች። ስለዚህ የስሜ ጭራ ተቆርጦ ቁጥር ተቀጠለልኝና «ማስተዋ2» ሆንኩ። የእየሩስ ስም ስድስት ፊደል ነው፤ በትምህርት ቤቱ ሌላ እየሩስም አልነበረችም። አንዲት ፊደል ሳትነካባት ቁጭ አለላት። ይሄ ማሽን እንኳን ለእሷ ያደላል አልኩ።

የይለፍ ቃሉ ሕግ ከስሙ ይብሳል። ከስምንት ፊደል አይነስ፣ ከአሥር አይብለጥ፤ ትልቅ ፊደል ይኑረው፣ ቁጥር ይኑረው፣ ምልክት ይኑረው፤ አማርኛ አይቻልም፤ በየወሩ ይቀየር፤ የድሮው አይደገም። ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ሰው ይቆለፍበታል፤ ከፋቹ የኮምፒውተር መምህራችን ቲቸር ደሳለኝ ብቻ ናቸው። ሕጉ ከየት እንደመጣ ስንጠይቃቸው «እኔ ስቀጠር እዚህ ነበር» ይሉናል።

መቼም እኛን የጎጃም ልጆች ስምና ቁጥር አንድ ላይ አምጡ ካሉን ምን እንደምናመጣ ታውቁታላችሁ። ታቦት ከነቀኑ ነው የምናመጣው። ማርያም ሃያ አንድ፣ ሚካኤል አሥራ ሁለት፣ ገብርኤል አሥራ ዘጠኝ፤ መካከሏ ላይ ያቺ ክብ የኢሜይል ምልክት ትገባለች። ወሩ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ታቦት መዛወር ነው። ክፍሉ በሙሉ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ እያንዳንዱ ግን ዘዴውን የፈጠረው እሱ ብቻ ይመስለው ነበር። እኔም ይመስለኝ ነበር። የማን ቤተሰብ በስንት ቀን እንደሚዘክር ደግሞ ሰፈር ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ዳቦውን አብረን ነው የምንበላው።

በሁለተኛው መንፈቅ የድርሰት ውድድር መጣ። ከየክፍሉ አንድ ጽሑፍ ይመረጥና ባለቤቱ ራሱ ሲስተሙ ላይ ጽፎ ቅዳሜ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይልካል። ያሸነፈ ክረምት ላይ ባሕር ዳር ሄዶ አንድ ሳምንት ከጸሐፊዎች ጋር ይማራል። እኔ ስለ ሀገር ፍቅር ጻፍኩ፤ ትልልቅ ቃላት ከየቦታው ለቅሜ አራት ገጽ ሞላሁ። እየሩስ አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ስለ ስፌት መኪናቸው አንድ ገጽ ተኩል ጻፈች። የአማርኛ መምህራችን የእሷን ለክፍሉ አነበቡት። ሲያነቡ ድምፃቸው ተለወጠ። የእኔ «ጥሩ ሙከራ» የሚል ተጽፎበት ተመለሰ።

«የአንቺም እኮ ቆንጆ ነበር» አለችኝ እየሩስ ስንወጣ። ይሄን ያለችው ከልቧ ነው፤ ያበገነኝም እሱ ነው።

ዓርብ ከሰዓት፣ የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ አልቆ ልጆቹ ሲወጡ እኔ ሥራ ያልጨረስኩ መስዬ ቀረሁ። የምቀመጠው ሰባት ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ነው፤ መስኮቱ ሥር ያለችው፣ አንድ ቁልፏ የወለቀ። ቲቸር ደሳለኝ የሉም፤ ከጠዋት ጀምሮ አላየናቸውም። የራሴን መለያ ዘጋሁና የእየሩስን ስም ጻፍኩ። ለመጻፍ ስድስት ፊደል ብቻ ነው የፈጀብኝ።

ለራሴ የነገርኩት ጽሑፉን ለማየት ብቻ ነው ብዬ ነው። እውነቱን ልናገርና ብገባ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። የማጥፊያ ቁልፉ የት እንዳለ ግን አውቅ ነበር።

እነ እየሩስ ቤት የሚዘከረው ማርያም ናት። ማርያም ሃያ አንድ አልኩ። ስህተት ነው አለኝ። እናቷ የተሳሉት ለገብርኤል ነው፤ አሥራ ዘጠኝ አልኩ። ስህተት ነው አለኝ። ሦስተኛው እንደሚቆልፍ አውቃለሁ። አባቷ ሱቃቸው ውስጥ የሰቀሉት ሥዕል ትዝ አለኝ፤ ፈረሱ ላይ ያለው። ጊዮርጊስ ሃያ ሦስት።

ስክሪኑ ቀይ ሆነ። መለያው ተቆልፏል፣ አስተዳዳሪውን ያነጋግሩ አለ።

ኮምፒውተሩን አጠፋሁና ቤቴ ሄድኩ። ሰኞ ቲቸር ይከፍቱላታል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ውድድሩ የሚዘጋው ቅዳሜ መሆኑ ትዝ አለኝ። ክፋቱ ምን መሰላችሁ? ትዝ ሲለኝ አልደነገጥኩም። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሙቅ አለኝ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ እየሩስ እኛ ቤት መጣች። ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛለች። የመጨረሻዋን አንቀጽ ብቻ ነበር ሲስተሙ ላይ ያልጻፈችው፤ እሷን ልትጨምርና ልትልክ ጠዋት ላብራቶሪ ብትሄድ ተቆልፎባታል። የተሳሳተችውም ነገር የለም። ለቲቸር ደሳለኝ ደውላ ስልካቸው ተዘግቷል። ዘበኛውን አያ ፈንቴን ብትጠይቃቸው፣ መምህሩ አክስታቸው ዐርፈውባቸው ደምበጫ ለቅሶ ላይ ናቸው አሏት።

«ወሩ ስላለቀ ይሆን እንዴ የዘጋኝ?» አለችኝ።

«ይሆናል» አልኩ።

ከዚያ ደምበጫ ልትሄድ መሆኑን ነገረችኝ። አባቷ ለገበያ ቀን የሚያደርሱት ልብስ ስላለ አብረዋት መሄድ አይችሉም። እማዬ ከጓዳ ሰምታ ወጣች። ያን ሰሞን መንገዱ ሰላም ነበር፤ አሮጌ ገበያ ድረስ ሄዶ ሚኒባስ መያዝ ነው። «ልጅቱ ብቻዋን ለቅሶ ቤት ትገባለች? አብረሻት ሂጂ» ብላ ነጠላዬን አመጣችልኝ። እየሩስ እጄን ያዘችና «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» አለች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጡት እማማ ጉዞ ሳንጀምር የእየሩስን ስም ጠየቋት፤ አማኑኤል ከተማን ሳናልፍ የኪሳቸውን ቆሎ ሰጧት፤ ደምበጫ ስንደርስ ባል ሊመርጡላት ምንም አልቀራቸውም። እኔም መስኮቱ ጋ ነበርኩ። ቆሎው በእሷ በኩል ዞሮ ነው እኔ ጋ የደረሰው። እንዲህ ያለ ቀን ላይ እንኳን፣ ራሴ ቆልፌባት መፍትሔ ፍለጋ እየሄድን እንኳን፣ እኔ ቆሎ ቆጥሬ እቀና ነበር። አሁን ስጽፈው ያስቀኛል። ያኔ ግን አላሳቀኝም።

ደምበጫ ገበያው ሞልቷል፤ ፈረሱ፣ ባጃጁ፣ ሰዉ አንድ ላይ ይጋፋል። ሰዓቱ ስድስት አልፏል። ለቅሶ ቤቱ የት ነው ብለን ጠየቅን፤ አንዲት ሴት ከጤና ጣቢያው በላይ ድንኳን አለ አለችን። ሄደን ገባን። ደጃፉ ላይ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለን፣ አንገታችንን ደፍተን ሴቶቹ መካከል ተቀመጥን። አንዲት ወጣት ሴት ፎቶ ደረቷ ላይ ይዛ ስታለቅስ እየሩስም አብራ አለቀሰች፤ እውነተኛ እንባ። እኔ ዓይኔን ባሻሸው ባሻሸው አልመጣ አለኝ። ለማታውቀው ሰው እንኳን ከእኔ የተሻለ አለቀሰች።

ንፍሮ ቀረበልን። ቲቸር ደሳለኝን በዓይናችን ብንፈልግ የሉም። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው የማን ልጆች እንደሆንን ጠየቁን፤ ከደብረ ማርቆስ እንደመጣን፣ የመምህር ደሳለኝ ተማሪዎች እንደሆንን ነገርናቸው።

«ደሳለኝ የሚባል የለንም» አሉ። «የእሱ አክስት ድንኳን ከወንዙ ማዶ ነው። እናንተ የተቀመጣችሁት እኛ ለቅሶ ላይ ነው።»

ፊታችን ነደደ። ልንነሳ ስንል ክንዳችንን ያዙን። እንባ አፍስሰው እህል ሳይቀምሱ መሄድ የለም፣ እዚህ ቤት እንዲህ አይደረግም አሉ። እንጀራ እስኪመጣ ጠበቅን፣ በላን፣ ተመረቅን። ስንወጣ ሰባት ተኩል ሆኗል። እየሩስ ከአጥሩ እንደወጣን መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሰዓቷን አየችና ሳቋ ጠፋ።

«አንደርስም መሰለኝ» አለች።

ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የደነገጥኩት። የምፈልገው ነገር እየሆነልኝ ነበር፤ አልጣመኝም።

ትክክለኛው ድንኳን ስንደርስ ቲቸር ደሳለኝ ጋቢ ተከናንበው ወንዶቹ መካከል ተቀምጠዋል። ክፍል ውስጥ የሚቀልዱትን ሰውዬ አልመስል አሉኝ፤ ፊታቸው አብጧል። እኚያ አክስታቸው ያሳደጓቸው መሆናቸውን እዚያ ነው የሰማነው። በዚህ መካከል ተነስቶ ስለ ኮምፒውተር እንዴት ይወራል? እንደገና ተቀመጥን። እየሩስ ሰዓቷን በነጠላዋ ሥር ሰርቃ ታያለች። ስምንት፣ ስምንት ተኩል። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው አዩንና ብድግ ብለው መጡ። ለቅሶ ልንደርሳቸው የመጣን መስሏቸው «ልጆቼ፣ ይህን ያህል መንገድ» ሲሉ እየሩስ የመጣችበትን ጉዳይ መናገር አቃታት። «ነፍስ ይማር» ብቻ ብላ ዝም አለች።

እሷ ዝም ካለች ነገሩ ያበቃል። እኔም ዝም ማለት እችል ነበር። አፌ ቀደመኝ። «ቲቸር፣ የእየሩስ መለያ ተቆልፎ ነው፤ ውድድሩ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል» አልኩ። ለምን እንዳልኩት እስካሁን አላውቅም። ምናልባት ለማያውቁት ሰው ያለቀሰች ልጅ ለራሷ ስትለምን ማፈሯ ነው የነካኝ።

ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ድንኳኑ አካባቢ ኔትወርክ የለም። ለሰዎቹ አንድ ነገር ተናግረው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደውን አቀበት ይዘን ወጣን፤ እዚያ ላይ ይሠራል አሉ። እሳቸው ከፊት፣ እየሩስ ደብተሯን ታቅፋ ከኋላቸው፣ እኔ መጨረሻ። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ስንደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ስልካቸውን ወደ ላይ ይዘው ዞሩ፣ ዞሩ፤ ከአንዱ ባሕር ዛፍ ሥር መጣላቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሲስተሙ ውስጥ ገቡ።

«ወሩ አይደለም» አሉ ትንሽ ቆይተው። «ሰው ሞክሮብሻል። ትናንት ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ሦስት ጊዜ። ከላብራቶሪ ነው፤ ሰባት ቁጥር።» ቀና ብለው እየሩስን አዩአት። «ማን ነው ሰባት ቁጥር ላይ የሚቀመጠው?»

እየሩስ ሁለት ዓመት ሙሉ ስምንት ቁጥር ላይ፣ ከጎኔ የተቀመጠች ልጅ ናት። የወለቀችውን ቁልፍ እኔ ስፈልግ የምትስቅብኝ እሷ ናት። ወደ እኔ አልዞረችም።

«እንጃ ቲቸር» አለች። «ያገኘ ሁሉ ይቀመጥበታል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ቲቸር ራሳቸውን ነቀነቁ። ለመክፈት የድሮው የይለፍ ቃል እንደሚያስፈልግ፣ ሲስተሙ ባለቤቷ መሆኗን የሚያረጋግጠው በእሱ እንደሆነ ነገሯት። እየሩስ ስልኩን ስጡኝና ልጻፈው አለች። እሳቸው ኔትወርኩ ከእጃቸው ከተነቃነቀ ይጠፋል ብለው ፈሩ።

«ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፈው። ለነገሩ ወዲያው ትቀይሪዋለሽ።»

እየሩስ ደብተሯን አጥብቃ ያዘች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«ተክሌ፣ ሃያ አራት።»

ቲቸር ፈገግ አሉ፤ ያን ቀን ያየሁት ብቸኛ ፈገግታቸው ነው። «አንቺም ታቦት ነው? እናንተ ቤት ግን ማርያም መስላኝ።»

«ማርያምን መስከረም ላይ ጨረስኳት» አለች እየሩስ። «ገብርኤልንም፣ ጊዮርጊስንም። በየወሩ ቀይሩ እያላችሁ የእኛ ቤት አለቀ። እነ ማስተዋል ቤት የሚዘከረው ተክልዬ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ዳቦውን እየበላሁ ነው ያደግኩት። ይቺ አትረሳኝም ብዬ ነው።»

ሃያ አራት። እኛ ቤት። እኔ የተወለድኩበት ቀን። የሰፈሩን ታቦት ሁሉ በሐሳቤ ስዞር አንድ ጊዜ እንኳን ወደ ራሴ በር አልመጣሁም። እየሩስ ከእኔ የምትፈልገው ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅማ።

«ቲቸር» አልኩ። «ሰባት ቁጥር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። የሞከርኩትም እኔ ነኝ።»

እየሩስ አሁን ዞረች።

«ለምን?» አለችኝ።

ብዙ ውሸት ነበረኝ። መንገዱን ሁሉ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት።

«ቀንቼ ነው» አልኩ።

ታለቅሳለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን የሩቁን ገበያ ታያለች። ቲቸር ጉሮሮአቸውን ጠርገው «ተከፍቷል፤ ሰዓቱ ግን አሥር ከሃያ ነው» አሉ። ስልኩን ሳታነቃንቅ ተቀብላ በእሳቸው ቦታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። በዚያች ትንሽ ስክሪን ደብተር እያዩ መጻፍ አይሆንላትም፤ ሁለት ጊዜ ሞክራ መስመሩ ጠፋባት። ከዚያ ሳታየኝ ደብተሩን ወደ እኔ ዘረጋች።

«አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። ቁሜ፣ ቃል በቃል፣ እሷ እየጻፈች። የቀናሁበትን ጽሑፍ መጨረሻ በገዛ አፌ አነበብኩት። አንዷ መስመር እስካሁን በቃሌ አለች፤ «አባቴ የከተማውን ሰው ሁሉ ቁመት በቃሉ ያውቃል፤ የእኔን ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይለካዋል» ትላለች። እሷ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ብዘላት በዚያ ጥድፊያ ላታስተውል ትችል ነበር። እየሩስ ጣቷን ስልኩ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። ከጻፍኩት አራት ገጽ ውስጥ እንደዚያች ያለ አንድ መስመር እንደሌለ ያኔ ገባኝ፤ ቅናቴም ከዚያ በላይ ሊሆን አይችልም ነበር። አነበብኩላት። ደግሜ አነበብኩላት፣ እንዳትሳሳት።

ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ላይ ላከችው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ማርቆስ ወርደን የየቤታችን መንገድ የሚለያይበት ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ብትጠይቂኝ እኮ አሳይሽ ነበር» አለችኝና ሄደች።

ከዚያ ለረጅም ጊዜ አላናገረችኝም። ዴስኩ ላይ በመካከላችን ቦርሳዋን ታስቀምጥ ነበር። እማዬ ምን እንደሆንን ብትጠይቀኝ፣ እሷን ብትጠይቅ፣ ሁለታችንም «ምንም» አልን።

ቲቸር ደሳለኝ ከለቅሶው ሲመለሱ ጠሩኝ። ወላጅ አምጪ ይሉኛል ብዬ ነበር። ሦስት ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። ጥፋተኛ ነኝ፣ አይለመደኝም እያልሽ እንዳትሞዪው፣ እሱን አውቄዋለሁ አሉኝ። «እንዴት ልትሞክሪ እንደቻልሽ ጻፊልኝ። ምን አሳሰበሽ? ለምን ሦስቱን ታቦት መረጥሽ?»

ተቀምጬ ጻፍኩ። ትልልቅ ቃል አልፈለግኩም፤ የሆነውን ብቻ ጻፍኩ። የክፍላችንን ልጆች ስም ዝርዝር አወጣሁና ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት የይለፍ ቃሉ ምን ሊሆን እንደሚችል ገመትኩ፤ ኮምፒውተር ሳልነካ፣ ማን ቤት ዳቦ እንደበላሁ ብቻ በማስታወስ። ቲቸር ልጆቹን ለየብቻ ጠርተው ግምቴን ሲያሳዩአቸው ስንቱ እንደደነገጠ! ከዚያ የመሰለኝን ጨመርኩ። ይሄ ሕግ ሲወጣ ኮምፒውተሩ ከአሥር ፊደል በላይ መያዝ ይከብደው ይሆናል፤ ፊደላችንንም አያውቅ ይሆናል። አሁን ግን በስልካችን ቀኑን ሙሉ በአማርኛ እየጻፍን ነው። በየወሩ ቀይሩ ሲሉን ጥንቃቄያችን አልጨመረም፤ ታቦት ቆጠራ ነው የያዝነው። አጭርና አስቸጋሪ ከሚሆን ረጅምና የራስ የሆነ ዓረፍተ ነገር ይሻላል፤ የማይረሳ፣ ጎረቤት የማይገምተው። ቁልፉም አንድ ሰው እጅ ብቻ ከሆነ ያ ሰው ሐዘን ላይ ሲቀመጥ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ይቆለፋል። ስም ደግሞ አይቆረጥ አልኩ። ሦስቱ ገጽ አልበቃኝም፤ ጀርባውንም ጻፍኩበት።

ጽሑፉ ከስብሰባ ስብሰባ ሲዞር ዓመት ሊሞላው ነው። አዲሱ ሲስተም የታቦት ስም ከነቀኑ ብትጽፉለት አልቀበልም ይላችኋል። ቲቸር ናቸው ያስገቡበት።

እየሩስ አሸንፋ ክረምቱን ባሕር ዳር ሄደች። ስትመለስ ፎቶዎቿን እኛ ቤት ይዛ መጣች፤ ያን ቀን ነው ከልብ የታረቅነው። እያንዳንዱን ፎቶ አየሁ። ቀናሁ። አሁንም እቀናባታለሁ፤ ዳንኩ ብል ትስቅብኛለች። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ስቀና እጠይቃታለሁ። «ይቺን መስመር እንዴት አመጣሻት?» እላታለሁ፤ ትነግረኛለች። ይሄን ገጠመኝ ስጽፍ ራሱ ሁለት ቦታ ላይ «ይሄ ትልቅ ቃል ነው፣ አውጪው» ብላኛለች። አንዱን አውጥቻለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምናልባት እንደ እኔ ከጎናችሁ የምትቀኑባት አንዲት ልጅ አለች። በሯን በሌሊት ከመነካካት በቀን ማንኳኳት እንደሚሻል ደምበጫ ድረስ ሄጄ ነው የተማርኩት። እናንተ ቅርብ ናችሁ።

ማስታወቂያው ላይ አንድ ግብዣ አለ፤ ላስተላልፈው። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ላብራቶሪው ክፍት ነው። እናትም፣ አባትም፣ ጎረቤትም ይምጣ፤ ስልኩ ላይ የልደቱን ዓመት ወይም ታቦቱን የይለፍ ቃል ያደረገ ሰው ሁሉ ይምጣ፤ አብረን እንቀይራለን። እማዬ እመጣለሁ ብላለች። እየሩስ ስምንት ቁጥር ላይ፣ እኔ ሰባት ቁጥር ላይ እንሆናለን። ዛሬ ከሰዓት እሷ ለሙከራ አዲሱን ዓረፍተ ነገሯን ስትጽፍ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነበር፤ ስትጨርስ «አሁን ዙሪ» አለችኝ።

ስትመጡ የራሳችሁ የሆነች አንዲት ዓረፍተ ነገር አስባችሁ ኑ። እኔ ፊቴን አዞርላችኋለሁ።